ሦስት ቱታ በአንድ ገላ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ቱታ ልነግድ የሚል ሰው ወይ ዕብድ ነው ወይ ጋሽ ጀማሉዲን ነው። ረፋዱ ካለፈ ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት አገር፣ እስከ አገጭ የሚዘጋ ወፍራም ልብስ ማን ይገዛኛል ብሎ መጠየቅ የጤነኛ ነጋዴ ወግ ነው። ጋሽ ጀማሉዲን ይህንን ጥያቄ ከወሎ ሲወጡ እዚያው ጥለውት ነው የመጡት። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ በሻይ ቤትና በጎማ ጠጋኝ መካከል፣ «ድል የስፖርት ልብስ መሸጫ» የሚል ቀይ ሰሌዳ ሰቀሉና ተቀመጡ። አትርፈውም ቁጭ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ የሰልፍና የኳስ ዘመን ነበር። ቀበሌው ቡድን አለው፤ የባቡር ሠራተኞቹ ቡድን አላቸው፤ ጥጥ እርሻው ቡድን አለው፤ የኬላው ፊናንሶች ሳይቀሩ፣ ቀን ኮንትሮባንድ ሲያሳድዱ ውለው ማታ ኳስ የሚያሳድዱበት ቡድን ነበራቸው። ቡድን ያለው ማልያና ካልሲ ይፈልጋል፤ ሰልፍ የሚወጣ ደግሞ ቱታ ይፈልጋል። ሙቀቱን ማን ጠየቀው?

የሱቁ ብቸኛ ሠራተኛ ከድሩ ይባላል። ጋሽ ጀማሉዲን ጅቡቲ ሄደው በነበረ ጊዜ፣ የሱቅ መስታወት ውስጥ ልብስ ለብሰው የሚቆሙ አሻንጉሊቶች አይተው ቀንተው ነበር። አሻንጉሊት መግዛቱ ግን አልታያቸውም። አሻንጉሊት ዕቃ አያወርድም፣ አይጠርግም፣ ደንበኛ አያግባባም። ስለዚህ ከድሩን አዲስ ቱታ አልብሰው በሩ ላይ አቆሙት። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ዚፑ ዝቅ እንዳይል። ዚፑ ዝቅ ያለ ቱታ አሮጌ ይመስላል ይሉ ነበር። ከድሩም ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አላፊ አግዳሚው በላብ ሲጠመቅ፣ እሱ እስከ አገጩ ተዘግቶ እየሳቀ «ግቡ፣ ኑ፣ ቀለል ያለ ነው፣ ነፋስ ያስገባል» ሲል ይውላል። መጀመሪያ ላይ ሊሞት ደርሶ ነበር። ኋላ ግን ገላው ለመደና እንዲያውም ማታ ሲያወልቅ ይበርደው ጀመር።

ለምን ቻለው ብትሉ፣ ከዚህ የባሰ ስለሚያውቅ ነው። ከከሚሴ የመጣው ለጥጥ ለቀማ ነበር። ጣቱ በጥጡ እሾህ ተሰነጣጥቆ፣ ወባውም ሁለቴ ጥሎት፣ አንድ ቀን ለሻይ ከተማ በወጣበት ጋሽ ጀማሉዲን ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ሰማ። ሠራተኛው ግን ስፖርት የሚያውቅ መሆን አለበት ተባለ። ኳስ ተጫውተህ ታውቃለህ ብለው ሲጠይቁት፣ አፉ ከልቡ ቀድሞ «ለወሎ ምርጥ» አለ። ጉድ በሉ! ከድሩ በዕድሜው የመታው ኳስ ቢኖር የጎረቤት ልጆች የጨርቅ ኳስ ነው፤ እሷንም ስቷት ድንጋይ ነው የመታው። ጋሽ ጀማሉዲን ግን ትክ ብለው አዩትና፣ ነገ ጠዋት ና አሉት።

ከዚያ ወዲያ «እኛ ወሎ ምርጥ እያለን» የሱቁ ዋና ዕቃ ሆነ። እኛ ወሎ ምርጥ እያለን ካልሲ የምንለብሰው ደርበን ነበር ሲል፣ ገዢው ሁለት ካልሲ ይገዛል። እኛ ወሎ ምርጥ እያለን ቁምጣ ሰፋ ሲል ነበር የምንወደው ሲል፣ ሰፊው ቁምጣ ያልቃል። ውሸት ሲደጋገም እውነት ይመስላል እንዲሉ፣ አንዳንዴ እሱ ራሱ የደሴ ስታዲየም ጭብጨባ ጆሮው ላይ ይመጣበት ነበር። አንድ ነገር ግን ይጠብቃል፤ የፈለገውን ቢቀጥፍ ወላሂ ብሎ አይምልም። በዚያች በኩል እንኳ ከአላህ ጋር ተስማምቼ ልደር ብሎ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ይሄድ ነበር፣ ሃምሳ አለቃ ካሕሳይ ታኬታ ሊገዛ ባይመጣ ኖሮ። ካሕሳይ የኬላው ፊናንስ ኃላፊና የቡድናቸው በረኛ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ጥርሱ የማይታይ ሰው። ለእግሩ የሚሆን ቁጥር ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ከድሩ ደንበኛ ባዶ እጁን ሲወጣ ማየት አይችልምና፣ አንድ ቁጥር የሚያንሰውን አውጥቶ፣ እኛ ወሎ ምርጥ እያለን በረኞቻችን አጥብቀው ነበር የሚገዙት፣ ቆዳው እየተለጠጠ ይሰጣል አለው። ካሕሳይ አመነና ገዛ። ቆዳው አልሰጠም። የሰጠው የካሕሳይ የአውራ ጣት ጥፍር ነው፤ ጠቆረና ወለቀ። ተመልሶ መጥቶ ጣቱን ሲያሳየው፣ ከድሩ ዓይኑን ሳያሽ፣ ጥፍር ያልነቀለ በረኛ በረኛ ይባላል እንዴ አለው። ካሕሳይ ጣቱን አየ፣ ከድሩን አየ፣ ምንም ሳይል እያነከሰ ወጣ። ሰው ሲቆጣ ይሻላል፤ ዝም ያለ ሰው ያስፈራል።

ሜይ ዴይ ሲቃረብ ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው። የቀበሌው ሊቀመንበር ለሰልፉ የስፖርት ትርኢት ቀይ ቱታ ያስፈልገኛል ብሎ መጣ። ጋሽ ጀማሉዲን ሱቁ ውስጥ አንድም ቀይ ቱታ ሳይኖራቸው «ችግር የለም» አሉ። ቀይ ቱታ ያለው ድሬዳዋ፣ በጅቡቲ በኩል ከገባው ነው። ከድሬ ወደ አዋሽ ሲመጣ ደግሞ የካሕሳይ ኬላ አለ። በከረጢት ቢመጣ ይወረሳል፤ በሻንጣ ቢመጣ ይወረሳል። ካሕሳይ ግን አንድ የታወቀ ጠባይ ነበረው። ሰው ገላ ላይ ያለውን አይነካም። ሰው ማስወለቅ ነውር ነው፣ የለበሰው ልብሱ ነው፣ ከገላ የወለቀ ግን ዕቃ ነው፣ ይላል። ይህንን አገር ያውቀዋል።

ጋሽ ጀማሉዲንም ሲያወጡ ሲያወርዱ አድረው ጠዋት ከድሩን ጠሩትና፣ የኳስ ቡድን እንደመሠረቱ ነገሩት። ቡድኑ «ቀይ ንጋት» ይባላል። አምበሉ የወሎ ምርጡ ከድሩ ነው። በረኛው ደስታው የሚባል የጣቢያ ዕቃ አውራጅ ነው፤ የቀሩት የሻይ ቤት አስተናጋጆችና የጎማ ጠጋኙ ወንድሞች ናቸው። አሠልጣኙ እሳቸው ናቸው፤ ፊሽካም ገዝተዋል። ቡድኑ ድሬ ሄዶ ይጫወታል፣ አሸንፎ ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ቱታ ደርቦ ነው። ከድሩ ኳሱስ ቢላቸው፣ ማን ኳስ ተጫወተ አሉት።

እውነትም ድሬ ላይ ኳስ የሚባል በዓይናቸው አላዩም። ያዩት የቱታ ክምር ነው። ቀይ ላይ ቀይ፣ በዚያ ላይ ሌላ ቀይ ለበሱ። ካልሲው ሦስት፣ ቁምጣው ከታች፣ ማልያው ከውስጥ። ጋሽ ጀማሉዲን ራሳቸው ከጀለቢያቸው ሥር ሁለት ደረቡ። ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ አልቻሉም፤ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ሁለቱ ሞሉት። ደስታው እጁን ወደ ጎኑ ማውረድ አቅቶት እንደ ቁራ ክንፉን ዘርግቶ መጣ።

አዋሽ ሲደርሱ የጣቢያው ጥላ ሥር አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሲሄዱም እዚያው ተቀምጠው አይተዋቸዋል። የአፋር ሰው ደግሞ በዳጉ ወሬ ሲጠየቅ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ ወሬ ማጣመም እነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ካሕሳይ ሰላም ብሏቸው ምን አዲስ አለ ቢላቸው፣ እነዚህ ሰዎች ትናንት ሲሄዱ ቀጫጭን ነበሩ፣ ዛሬ ወፍረው መጡ፣ ድሬ ላይ ድግስ ሳይኖር አይቀርም አሉት። ካሕሳይ አመሰገናቸውና እያነከሰ ወደ ቡድኑ መጣ።

አልፈተሸም፤ አልጮኸም። ከድሩን ጨብጦ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ድሬን አሸነፋችሁ ሲባል ሰማሁ አለው። የኬላው ልጆችም እንዲህ ያለ ቡድን አግኝተው አያውቁምና፣ እስከ ቀትሩ የዙህር አዛን ድረስ አንዲት ጨዋታ ጋብዙን አለ። ሙቀት ከበረታባችሁ ደግሞ ቱታችሁን አውልቁ፣ ልብሳችሁን ራሴ እጠብቅላችኋለሁ፣ ብሎ ጥርሱ ሳይታይ ሳቀ። እምቢ ማለት ቡድን አይደለንም ማለት ነው። ጋሽ ጀማሉዲን ከድሩን በክንዱ ሳብ አድርገው በጆሮው ነገሩት።

«ስማኝ ልጄ። አንዲት ዚፕ ዝቅ ብትል፣ አንተ ነገ ጠዋት ጥጥ ማሳ ውስጥ ነህ።»

ከድሩ ፈራ። ጣቶቹን ዓይኑ ፊት አምጥቶ አያቸው፤ የድሮው ስንጥቅ ጠባሳው አለ።

ሜዳው ከጣቢያው ጀርባ ነው፤ ሣር የለውም፣ ጥላ የለውም፣ ፍየሎች እንኳ ጥለውት ሄደዋል። የኬላው ቡድን በቁምጣና በካናቴራ ገባ። ቀይ ንጋት እንደ ፍራሽ ተጠቅልሎ ገባ። ዙሪያውን ከባቡር የወረደውም፣ ሹፌሩም፣ ግመል የሚነዳውም ተሰበሰበ። ሽማግሌውም በትራቸውን ተደግፈው ከፊት ቁጢጥ አሉ።

ጨዋታ ብሎ መጥራቱስ ይከብዳል። የጎማ ጠጋኙ ወንድም አንዴ ሮጦ ሁለተኛ አልሮጠም፤ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። አንደኛው አስተናጋጅ ኳሱ ሲመጣለት ውሃ ነው መሰለኝ ብሎ በእጁ ያዘው። አንድ በአንድ እየተንገዳገዱ ወጥተው መሬት ላይ ሲዘረጉ፣ ጋሽ ጀማሉዲን ከላያቸው ሆነው፣ ከነልብሳቸው ውሃ እያፈሰሱባቸው፣ ዚፑን አትንኩ፣ ዚፑን አትንኩ ይላሉ። ደስታው ጎሉን ትቶ ወደ ከድሩ መጣና፣ እኔስ ልሞት ነው ብሎ ዚፑን ጨበጠ። ከድሩ ከላይ የደስታውን እጅ ጨበጠ። እንዲህ ተያይዘው እንደ ሙሽራና ሚዜ ሜዳው መሃል ቆመው ሲለማመጡ፣ የኬላው ልጆች ባዶ ጎል ላይ ለማግባት ኳሱን ይዘው ቢሄዱ፣ እነሱም ሙቀቱ አናታቸውን በልቷቸው ኖሮ አጥቂያቸው ወደ ውጭ ለጋው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

ታዲያ ከሁሉ የሚገርመው ከድሩ ነበር። አልደከመውም! ላቡ እንኳ ከሰው ዘግይቶ ነው የመጣው። በሩ ላይ ተዘግቶ የቆመባቸው ሁለት ዓመታት ገላውን አብስለውት ኖሮ፣ ሌላው ሲወድቅ እሱ ደንበኛ የሚጠብቅ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኳስ መምታት አይችልም እንጂ መቆም ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ አዋሽ ላይ የቆመ ሰው ትልቅ ተጫዋች ነው። እየተራመደ ወደ ካሕሳይ ጎል ተጠጋ። የኬላው ተከላካይ ኳሱን ከጎሉ ላርቅ ብሎ ቢለጋው፣ የከድሩ ሆድ ላይ አረፈ። በሦስት ቱታ የተጠቀለለ ሆድ አይሰማውም። ኳሱ ከዚያ ተንሸራቶ፣ ቀስ እያለ፣ ፈቃድ እየጠየቀ ወደ ጎሉ ማዕዘን ሄደ። ካሕሳይ ሊደርስበት ይገባው ነበር። አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው። ያንን እርምጃ ለመርገጥ በአውራ ጣቱ ቢነሳ፣ ያ የማይሰጥ ቆዳ ጣቱን ጨመቀው፤ ፊቱ ተኮማትሮ ባለበት ቀረ። ኳሱም ገባ።

ሽማግሌው በትራቸውን ወደ ላይ አነሱ። ጋሽ ጀማሉዲን ፊሽካቸውን እስኪታነቁ ነፉ። ወዲያው አዛኑ ተሰማ፤ ጨዋታው አለቀ። አንድም ዚፕ አልወረደም። ከድሩ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ጥጡ ራቀ፤ ለወሎ ምርጥ በእውነትም የተጫወተ መሰለው። እየተንሳፈፈ ወደ ጣቢያው ቧንቧ ሄደ።

አይ ደስታ! ሰውን ከሐዘን የበለጠ የሚያነሆልል ደስታ ነው። አዛን ሲሰማ ለሰላት ታጥቦ ውዱእ ማድረግ የከድሩ የዘወትር ልማዱ ነው፤ እጁ ከልቡ ሳይማከር የሚሠራው ሥራ። እጁን ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን ታጠበ። ወደ ክንዱ ሲደርስ እጅጌው አልሰበሰብ አለው፤ ሦስት እጅጌ ተደራርቦ እንዴት ይሰብሰብ? እናም ምንም ሳያስብ፣ ቤቱ ያለ ይመስል፣ የላይኛውን ጃኬት ዚፕ አውርዶ አወለቀና የቧንቧው ግንድ ላይ ሰቀለው። የሁለተኛውን ዚፕም ያዘ።

ጋሽ ጀማሉዲን ሩቅ ነበሩ። መጮህ አልቻሉም፤ ቢጮሁ ሁሉም ዘወር ይላል። ስለዚህ ጎንበስ ብለው አፈሩን በሁለት መዳፋቸው መቱና ፊታቸውን አበሱ፤ መልሰው መቱና እጃቸውን አበሱ። ተየሙም ማለታቸው ነበር፤ ውሃ ያጣ ሰው በአፈር የሚያደርገው ውዱእ። በአፈር አድርገው፣ አታውልቅ፣ ማለታቸው ነው። ከድሩ ቀና ብሎ አያቸውና፣ ጋሼን ሙቀቱ አሳበዳቸው ብሎ አዘነ። በዚያው ቅጽበት፣ ቧንቧው እየፈሰሰ ሰውየው አፈር የሚሉት ለምን እንደሆነ ገባው። ዚፑን ለቀቀ። እጁን ወደ ግንዱ ሲልክ ግን ጃኬቱ የለም። ሃምሳ አለቃ ካሕሳይ ይዞታል።

«ይህ ወለቀ» አለ ካሕሳይ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ከድሩ የቡድናችን ልብስ ነው ብሎ ተንተባተበ። ካሕሳይ ራሱን ነቀነቀ፤ የቡድን ልብስ ከሆነማ መለያ ነው፣ መለያ አይወረስም፣ ቡድን ካልሆናችሁ ግን ዕቃ ነው፣ ይኸኛውም እላይህ ላይ ያለውም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመሆኑ ለወሎ ምርጥ ስትጫወት ቦታህ ምን ነበር ብሎ ጠየቀው። ከድሩ እንደ ልማዱ አሰበ። አጥቂ ቢል ስም ይጠየቃል። ማንም የማያስታውሰው ማን ነው?

«ተጠባባቂ በረኛ» አለ።

ካሕሳይ ጃኬቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የወሎ ምርጥ ተጠባባቂ በረኛ እኔ ነበርኩ።»

ሰው እየተሰበሰበ ነው፤ ጋሽ ጀማሉዲንም ሁለት ቱታቸውን ከጀለቢያቸው ሥር እየጎተቱ ደርሰዋል። ካሕሳይ አልተቆጣም። ምናልባት ሁለት ተጠባባቂ ይኖር ይሆናል፣ ሰው ይረሳል አለ። ወላሂ ተጫውቻለሁ በልና ጃኬትህን ውሰድ፣ ሌላ ነገር አልጠይቅህም አለው።

አንዲት ቃል ናት። ብትወጣ ሱቁም ይተርፋል፣ ቀይ ቱታውም ይተርፋል፣ እሱም በሩ ላይ ይተርፋል። ከድሩ አፉን ከፈተ። የውዱእ ውሃ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ስንት ሺህ ጊዜ የዋሸ አፍ፣ ያችን ቃል ግን አላወጣም አለው። ጣቶቹን አየ። ጥጡ ታየው፤ ወባው ታየው። አለቀሰ ማለት ይቻላል፤ ፊቱ ርጥብ ስለነበር አልለየም።

«ተጫውቼ አላውቅም» አለ። አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማቆም አቃተው። «ቆዳውም አይሰጥም።»

ጋሽ ጀማሉዲን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ካሕሳይ ግን ሲያመው የከረመ ጥርስ እንደተነቀለለት ሰው በረጅሙ ተነፈሰና ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ ሰማችሁ፣ ቆዳው አይሰጥም አለ ብሎ ደገመላቸው። ከዚያ ጃኬቱን ዘርግቶ ከድሩ ትከሻ ላይ ጣል አደረገለት። ለሰላት የወለቀ ልብስ በእኔ ኬላ ዕቃ አይባልም፣ የሜይ ዴይን ሰልፍ ራቁቱን ያስቀረሁ ሰው ብባልም አልወድም፣ እኔ የፈለግሁት ጥፍሬን ነው አለ። ነገ ለእግሬ የሚሆን ጫማ አዘጋጅ ብሎም አዘዘው።

«በል ልበስ» አለው ሲሄድ፤ «ብርድ እንዳይመታህ።»

በዚያ ሐሩር! ሕዝቡ እንደገና ሳቀ። ካሕሳይ ጀርባውን ሰጥቶ እስኪርቅ ድረስ አልዞረም፤ ከድሩም በዚያ መካከል ሦስቱንም እጅጌ እንደምንም ገፎ ውዱኡን ጨረሰ።

ወደ ሱቁ ሲመለሱ ጋሽ ጀማሉዲን ቱታዎቹን ከሰው ገላ እየላጡ ቆጥረው ተረከቡ፤ ታጥበው ገመድ ላይ ወጡ። ደስታው ከውስጥ ሲወጣ ግማሽ ሆኖ ነበር። ሁሉም ሄደው ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ከድሩ ቀድሞ መናገሩ ይሻላል ብሎ፣ ዕቃዬን ልሰብስብ ወይ አላቸው።

ጋሽ ጀማሉዲን ባንኮኒው ላይ ተደግፈው አዩት። የተቆጡ አይመስሉም፤ የሚያሰሉ ይመስላሉ።

«ኳስ ተጫዋች አለመሆንህን የመጣህ ዕለት ነው ያወቅሁት። ኳስ ተጫዋች ቢሆን በዚህ ሙቀት ተዘግቶ ይቆምልኛል?» አሉ። «እኔ የፈለግሁት እየሳቀ የሚዋሽ ሰው ነበር፤ አገኘሁ። ዛሬ ግን ሌላ ነገር አየሁብህ።»

ወላሂ ያለማለቴን ነው ብሎ ከድሩ ልቡ ተነካ። ሊያመሰግናቸው አፉን ሊከፍት ሲል፣ ጋሼ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደዱ። አንድ ቱታ አልብሼህ ሁለት ዓመት ከሰርኩ፣ ሦስት እንደምትችል ማን ነገረኝ አሉ። ከነገ ጀምሮ ታች ሰማያዊ፣ መሃል አረንጓዴ፣ ላይ ቀዩን ትለብሳለህ፣ ቀለሙ ሁሉ እንዲታይ አንገትጌውን ደረጃ በደረጃ አድርግ አሉት። ዚፑንስ ቢላቸው፣ የላይኛውን ትንሽ ዝቅ፣ ሌሎቹን እስከ አገጭ አሉ። ከድሩ ጥጡ መቅረቱን ሲረዳ ሳቁ መጣ፤ ሙቀቱን ሲያስበው ደግሞ ሳቁ መለስ አለ።

ሜይ ዴይ ቀበሌው በቀይ ቱታ ተሰልፎ አለፈ፤ ከሰልፈኛው መካከል ቱታዎቹ ከጣቢያው ጀርባ የተላበባቸው መሆናቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ከድሩ በሦስት አንገትጌ በሩ ላይ ቆሞ ሰልፉን ያያል። ካሕሳይ አዲሱን ታኬታ አድርጎ፣ ሳያነክስ፣ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ጫማው እንዴት ነው ቢለው፣ ይሰፋኛል አለ፤ ቅር ያለው ግን አይመስልም። ጎን ለጎን ቆመው ሰልፉን ሲያዩ ቆዩ።

«ደሴ ደስ የምትል ከተማ ናት ይላሉ» አለ ካሕሳይ ድንገት።

ከድሩ ወዲያው አልገባውም። «ይላሉ?» አለ ቀስ ብሎ። «ሃምሳ አለቃ፣ ደሴን አያውቋትም እንዴ?»

«እኔ?» አለ ካሕሳይ። «እኔ ከአሰብ በሚሌ አድርጌ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ደሴን በዓይኔ አይቻት አላውቅም።»

ጥርሱ ታየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ከድሩ ሦስተኛውን ዚፕ እስከ አገጩ ዘጋና ወደ ሰልፉ ዞረ፤ «ግቡ፣ ኑ» አለ፣ «ቀለል ያለ ነው፣ ነፋስ ያስገባል።»